የአዊ ንግድ ትናንትና ዛሬ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)





ስለ ትምህርት ቤታችን ዕድሜና ስለ ደረሰበት ደረጃ ከእኛ በፊት የተናገሩት ታላላቆቻችን በሚገባ ስላስረዱ፥ ያንኑ ደግመን ጊዜያችሁን ልንወስድ አንፈልግም። ለእኛ ለተማሪዎች የተሰጠን ርእስ የአካባቢያችን ንግድ ትናንት ምን ይመስል እንደ ነበረና ዛሬ ምን እንደሚመስል የሚያስረዳ ነው።

ስለ ንግድ መናገር ለነጋዴ እንጂ ለተማሪ ምን ይረባዋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የእያንዳንዳችን ደብተርና እስክሪብቶ፥ የለበስነውም ልብስ የተገዛው ከገበያ በተገኘ ገንዘብ ነው። አባት ድንች፥ እናት ቅቤና ዶሮ ባይሸጡ፥ ታላቅ ወንድምም ከሰል ጭኖ ባያድር ኖሮ፥ ዛሬ በዚህ አዳራሽ የምንቀመጠው ስንቶቻችን እንሆን ነበር? ገበያው በታመመ ጊዜ ትምህርቱም አብሮ ይታመማል። እንግዲህ የጥርባም ሆነ የዳንግላ፥ የእንጅባራም ሆነ የአዲስ ቅዳም ልጅ ይህን ነገር የሌላ ሰው ጉዳይ ነው ሊለው አይችልም።

በዚህ ንግግራችን ልናስረዳ የምንሻው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም፥ በአገራችን ከነበሩት የንግድ ሥራዎች ውስጥ ዕቃን ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው በማሳለፍ ብቻ የቆሙት፥ ወይም በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ የተንጠለጠሉት፥ መንገዱ ወይም ዕቃው በተለወጠ ጊዜ ወድቀዋል፤ የሰው እጅና አእምሮ የገባባቸው፥ በየጊዜውም የተሻሻሉት ግን መልካቸውን እየለወጡ ኖረዋል የሚል ነው።

ታሪኩን ከሩቅ እንጀምር። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ለማየት ከጎንደር ተነሥቶ በ1763 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር። በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አገው ምድር ሲጽፍ፥ የጎንደር ከተማ ኑሮ በዚህ አገር ሀብት ላይ የተደገፈ መሆኑን ይመሰክራል። ከብት እየነዱ፥ ማርና ቅቤ፥ ስንዴ፥ ቆዳና ሰም ጭነው፥ ሺህም ሺህ አምስት መቶም እየሆኑ ወደ ጎንደር የሚጓዙ የአገው ሰዎች እንደ ነበሩ ይገልጻል። ወደ ምዕራቡ ቆላ ደግሞ ይህንኑ ሸቀጥና ከጎንደር ሲመለሱ የገዙትን ዕቃ አውርደው፥ በልዋጩ ወርቅ፥ የዝሆን ጥርስና ጥሩ ጥጥ ያመጡ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ግን ትንሽ የምትመስል አንዲት ነገር ናት። ቅቤው በረጅሙ መንገድ ላይ እንዳይበላሽ፥ አገዎቹ መቅመቆ የሚባለውን ቢጫ ሥር ይቀላቅሉበት እንደ ነበር ብሩስ ጽፏል። መቅመቆን ዛሬም እናቶቻችን ያውቁታል። እንግዲህ አስተውሉ! ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የነበረው የአገር ሰው ቅቤውን እንዲያው ጭኖ አልሄደም፤ መንገዱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አስልቶ፥ ገዥው ዘንድ ሲደርስ ምን መምሰል እንዳለበት አስቦ፥ በዕውቀት አዘጋጅቶ ነው የሄደው። ዛሬ ሰዎች በፋብሪካ ቋንቋ የምርት ማቆያ ዘዴ የሚሉት ይህንኑ ነው።

በዚያ ዘመን መገበያያው በአብዛኛው አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፥ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፥ በትግራይና በጎንደር በኩል አልፎ ወደ ጎጃም ይደርሳል፤ ከተቆረጠበት ስፍራ በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይጨምራል። በኋላም ከአሞሌ ጎን በላዩ 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመት የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ብር ይሠራበት ነበር። ሲራራ ነጋዴዎች ከዓባይ ማዶ የመጣውን ቡና፥ ወርቅና ዝባድ በደቡብ ጎጃም በሚገኘው በባሶ ገበያ እየገዙ ወደ ሰሜን ይጓዙ ነበር። በየኬላው ቀረጥ ይከፍላሉ፤ ወንበዴንና የወንዝ ሙላትን ይፈራሉ፤ ስለዚህም ብዙ ሆነው በኅብረት ይሄዱ ነበር።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ሁሉ ማመስገን አይገባንም። በዚያው መንገድ ላይ ሰው ራሱ እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ ከምዕራቡ ቆላና ከዓባይ ማዶ ተነጥቀው የተነዱ ብዙ ወገኖቻችን በዚህ ንግድ ጠፍተዋል። የባሪያ ንግድና ባርነት በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ፈጽሞ ተከልክሏል። ትርፍ የሚገኝበት ሁሉ ሥራ ተብሎ ሊከበር እንደማይገባው ይህ ታሪክ ያስተምረናል።

ወደ ዳንግላ እንመለስ። ዳንግላ በጣና፥ በጎጃምና በሱዳን ጠረፍ መካከል ባለ መንገድ ላይ ስለ ተቀመጠች፥ እንግሊዞች ቆንስላቸውን በዚያ አድርገው ነበር። ሻለቃ ቺዝማን የተባለው ቆንስል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 በዚያ ሲሠራ የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ ዞሮ አጥንቷል፤ በ1936ም ስለዚሁ መጽሐፍ አሳትሟል። የውጭ መንግሥት ወኪል በዚያ ዘመን ከባሕር በራቀች አነስተኛ ከተማ መቀመጡ፥ የአካባቢው መንገድና ገበያ ምን ያህል ይታይ እንደ ነበር ያመለክታል።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ታወጀ፤ አሞሌና ማርያ ቴሬዛም ከገበያ እየወጡ ሄዱ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን የሚሻገረው የመኪና መንገድ በደብረ ማርቆስ፥ በቡሬ፥ በእንጅባራ፥ በአዲስ ቅዳምና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር ይደርሳል። መኪናው በመጣ ጊዜ የበቅሎ ጫኙ፥ የኮርቻ ሰፊውና የመንገደኛ አሳዳሪው እንጀራ ጠበበ። በእነሱ ምትክ የጭነት መኪና ባለቤት፥ ሾፌርና ረዳት፥ ነዳጅ ሻጭ፥ ጎማ ለጣፊ፥ ባለ ሆቴልና ባለ ወፍጮ ተነሡ። በየበረንዳው የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ መሰማት ጀመረ። የነጋዴው ምልክት በቅሎ መሆኑ ቀርቶ መኪና ሆነ።

አንዳንዱ ከተማ ግን ዛሬም ታሪኩን በስሙ ይዞ ይኖራል። አዲስ ቅዳም የቅዳሜ ገበያን ስም ተሸክሞ የቆመ ከተማ ነው። ኮሶ በር በሚባል ስም ይታወቅ የነበረው እንጅባራም የአዊ ዞን ዋና ከተማ ከሆነና ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተበት ወዲህ፥ ቤት አከራዩ፥ ምግብ ቤቱ፥ የጽሕፈት መሣሪያ ሻጩና ባለ ባጃጁ በዝቷል። ወደ ምዕራብ የሚገነጠለው መንገድ ወደ ቻግኒና ወደ መተከል ይወስዳል። ገንዘቡም ደግሞ ተለውጧል፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በበረሃ አቋርጦ ይመጣ የነበረው የአሞሌ ሥራ በእጅ ስልክ የሚፈጸምበት ጊዜ ደርሷል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። መንገድ ነበረን፤ ገበያ ነበረን፤ ማርና ቅቤም ነበረን፤ ታዲያ ስለ ምን ብዙ ፋብሪካና ብዙ ጥበበኛ አላፈራንም? ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንደኛው ግን የእጅ ሥራን መናቃችን ነው። ሸማኔውን፥ ቀጥቃጩን፥ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው እየሰደብን፥ የሠሩትን ግን ያለ እፍረት እንጠቀምበት ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ንቀቱ ግን ከአፋችን ቢጠፋ ከልባችን ፈጽሞ አልጠፋም። ጥበበኛውም ተንቆ ብቻውን ስለ ቀረ ሥራውን የሚያሻሽልበት ዕውቀትና ገንዘብ አላገኘም። ስለዚህ ፕላስቲክ ጀሪካን በመጣ ጊዜ እንስራ ወደ ኋላ ቀረ፤ የፋብሪካ ጨርቅ በመጣ ጊዜም የብዙ ሸማኔ ገበያ ቀነሰ። የእጅ ሥራም ቢሆን ካልተሻሻለ ይወድቃል ማለታችን ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን ታላቅ ንግድ ደረስን። እርሱም የዲከረንስ ከሰል ነው። ዲከረንስ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ የሆነ ዛፍ ነው። በባንጃና በፋግታ ለኮማ አፈሩ አሲዳማ ሆኖ እህሉ ባሽቆለቆለ ጊዜ ገበሬዎቻችን በእርሻቸው ላይ ይህን ዛፍ ተከሉ። ዘዴውም የሚያስመሰግን ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል፤ በሚከተለው ጊዜ በዛፎቹ መካከል የሚበቅለው ሣር ለከብት ይታጨዳል ወይም ይሸጣል፤ በአራትና በአምስት ዓመት ዛፉ ይቆረጥና ተከምሮ፥ በሣርና በአፈር ተሸፍኖ፥ በዝግታ እየነደደ ከሰል ይሆናል። ከዚያ በኋላ መሬቱ እንደ ገና ይታረሳል።

በዚህ ዛፍ ምክንያት ተራቁቶ የነበረው ኮረብታ ለመለመ። ችግኝ አፍልቶ የሚሸጠው፥ ቆራጩ፥ አክሳዩ፥ ጆንያ ሻጩ፥ ጫኝና አውራጁ፥ ደላላውና ባለ መኪናው ሁሉ እንጀራ አገኘ። ከከሰል በተገኘ ገንዘብ ብዙ የሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ ተለወጠ፤ ብዙ ልጅም ትምህርት ቤት ገባ። ከመካከላችን ስንቶቻችን የዲከረንስ ልጆች እንደ ሆንን እኛው እናውቃለን።

ነገር ግን ከ2012 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በስንዴ ላይ እንደምናውቀው ዋግ ያለ የፈንገስ በሽታ በዛፉ ላይ ተነሣ። ቅጠሉና ቅርንጫፉ እየቆሰለ ዛፉ ሳይደርስ ይደርቅ ጀመር፤ ለጋው ችግኝ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ተጎዳ። ብዙ ገበሬ ዲከረንሱን ነቅሎ ወደ እህል ወይም ወደ ባሕር ዛፍ ተመለሰ። በአንድ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው የሥራ ሰንሰለት ሁሉ በአንድ በሽታ ተናጋ። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር፥ ሸቀጥ ሁሉ ባለበት ይቀራል፤ ድንቹም በማሳ ይበሰብሳል።

አባቶች ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል ይላሉ። ይህ ተረት ዛሬ የእኛን ንግድ የሚወቅስ ይመስለናል። ዓባይ ከአጠገባችን ተነሥቶ ግንዱንም አፈሩንም ይዞ ይሄዳል፤ እኛም ከሰሉን በጆንያ፥ ድንቹን በጆንያ፥ ቆዳውንም ከነጠጉሩ ጭነን እንልካለን። ትልቁ ትርፍ የሚገኘው ግን ዕቃው ከተላከ በኋላ በሌላ ሰው እጅ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኛ ገና ተማሪዎች ነንና መፍትሔውን ሁሉ አግኝተነዋል አንልም። ነገር ግን በአጠገባችን ካሉት ነገሮች ሦስቱን ለምሳሌ እናቀርባለን።

አንደኛው ቀርከሃ ነው። በእንጅባራ መንገድ ዳር የሚሸጠውን የቀርከሃ ወንበርና ጠረጴዛ ያላየ መንገደኛ የለም። ሥራው መልካም ነው፤ ጠላቱ ግን ነቀዝ ነው። ነቀዝ የገባበት ቀርከሃ ከውስጥ ዱቄት እየሆነ ያልቃል፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላው የተቆረጠ ቀርከሃም ሲደርቅ ይጨማደዳል፥ ይሰነጠቃልም። ቀርከሃው በዕድሜው ከተቆረጠ፥ ከዚያም በውሃ ተዘፍዝፎ ወይም በጭስ ታጥኖ ወይም በቦራክስ መድኃኒት ታክሞ በጥላ ከደረቀ፥ ወንበሩ ለረጅም ዓመት ያገለግላል። እንግዲህ ይህ ለቀርከሃ እንደ መቅመቆ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ድንች ነው። ድንች በአንድ ጊዜ ደርሶ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ዋጋው ይወድቃል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ያው ገበሬ ዘር ለመግዛት ውድ ዋጋ ይከፍላል። የዘር ድንች ግን ነፋስ በሚያገኘው፥ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው፥ ብርሃን በሚገባበት የመደርደሪያ ቤት ቢቀመጥ፥ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ሆኖ ለወራት ይቆያል። ይህን ቤት ከአገር እንጨትና ከቀርከሃ መሥራት ይቻላል። የእርሻ ትምህርታችን ከደብተር ወጥቶ ወደ ጓሮ ቢወርድ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ሊሆን ይገባዋል።

ሦስተኛው ግብጦ ነው። ግብጦ በደከመ መሬት ላይ ይበቅላል፤ መሬቱንም ያዳብራል። መራራነቱ ግን ተቆልቶና ለቀናት በውሃ ተዘፍዝፎ ካልወጣ በቀር አይበላም። እናቶቻችን ይህን ጥበብ ያውቁታል፤ ከግብጦ ቆሎም አረቄም ያወጣሉ። ብዙ ገንቢ ምግብ ያለበትን ይህን ጥራጥሬ በንጽሕና አዘጋጅቶ፥ መዝኖና አሽጎ ለከተማ ሱቅ የሚያቀርብ ሰው ከመካከላችን ቢነሣ፥ የእናቱን ዕውቀት ወደ ንግድ ለወጠ ማለት ነው።

ጓደኞቻችን፤ ከዚህ ሁሉ ጋር ሒሳብ ማወቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው በ300 ብር ቀርከሃ ገዝቶ ወንበር ሠርቶ በ900 ብር ሸጠ እንበል። ሰውየው 600 ብር አተረፍሁ ብሎ ይደሰት ይሆናል። ነገር ግን ለሚስማርና ለቫርኒሽ 120፥ ለማጓጓዣ 80 ብር አውጥቶ እንደ ሆነ የቀረው 400 ብር ነው። ወንበሩን ለመሥራት አራት ቀን ከፈጀበት የቀን ዋጋው 100 ብር ሆነ ማለት ነው። ይህን በደብተሩ የጻፈ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ቀኑን ወደ ሦስት ለማውረድ ያስባል፤ ያልጻፈው ግን ለምን እንደማያድግ ሳያውቅ ይኖራል። ወንበሩም በዓመቱ በነቀዝ ከፈረሰ ገዥው አይመለስም። የነጋዴ ትልቁ ሀብት የገዥው መመለስ ነውና ሐሰት በመጨረሻው ኪሳራ ነው።

እናንተ ወላጆቻችን፤ ልጃችሁ ተምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆን ደስ እንደሚላችሁ እናውቃለን፤ እኛም ቢሆን አንጠላውም። ነገር ግን ከትምህርት ቤት የሚወጣው ተማሪ ሁሉ ወንበር የሚጠብቀው አይደለም። ልጃችሁ አናጺ ወይም የቀርከሃ ሠራተኛ ልሁን ባላችሁ ጊዜ፥ ያ ሁሉ ትምህርት ለዚህ ነው ወይ አትበሉት። የተማረው ሰው እጁን በሥራ ላይ ባያሳርፍ የእጅ ሥራ ከቶ በምን ይሻሻላል?

እናንተ መምህሮቻችን፤ ያስተማራችሁን ኬሚስትሪ ኮምጣጤና ሊትመስ ብቻ አይደለም። የአገራችን አፈር ለምን አሲዳማ እንደ ሆነና ኖራ እንዴት እንደሚያድነው ይኸው ትምህርት ይነግረናል። የዲከረንስን በሽታ ያመጣው ፈንገስም በባዮሎጂ መጽሐፋችን ውስጥ ወገን አለው። ወደ ማሳውና ወደ ገበያው ይዛችሁን ውጡ ብለን በትሕትና እንለምናችኋለን።

እኛም ተማሪዎች ከዛሬ ጀምሮ ልናደርገው የምንችለው አለ። በየቤታችን አባትና እናታችን የሸጡትንና የገዙትን በደብተር መጻፍ እንችላለን። ከአዛውንቶች ስለ ቀድሞው ገበያና ስለ ጥበባቸው ጠይቀን መዝግበን ማቆየት እንችላለን። በእጁ የሚሠራውን ሰው አቶ ወይም ጋሼ ብለን አክብረን መጥራት እንችላለን። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

የአሞሌ ዘመን አልፏል፤ የሲራራም ዘመን አልፏል፤ የዲከረንስም ዘመን እያለፈ ይሁን ወይም መድኃኒት ተገኝቶለት ይመለስ፥ ከእርሱ በኋላ ሌላ ነገር መምጣቱ አይቀርም። የሚመጣውን ነገር እንዲያው ጭነን የምናሳልፍ ሰዎች እንሆን ወይስ በእጃችን አዘጋጅተን የምንሸጥ ሰዎች እንሆን የሚለው ግን በእኛ በዛሬዎቹ ተማሪዎች ላይ የወደቀ ጥያቄ ነው። መልሱም በፈተና ወረቀት ላይ ሳይሆን በእንጅባራ፥ በዳንግላና በየገጠሩ ገበያ ላይ ይታያል።

ሰላም ለአገራችን፥ ዕድሜና ጤና ለወላጆቻችንና ለመምህሮቻችን ይስጥልን።